«የአርመኑ ቤት» የማን ነበር?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ድሬዳዋ ከዚራ ነው። ቤታችን አያቴ የገዛው የድንጋይ ቤት ነው። አያቴ የባቡር ማሽኒስት ነበር። ሰፈሩ ግን እስከ ዛሬ «የአርመኑ ቤት» ነው የሚለው። አጎቴ ደግሞ ቤቱ 150 ዓመት ሞልቶታል ይላል። አያቴ በ1956 የገዛበት በእጅ የተጻፈ ውል አለን። ሻጯ ሴት ናት፤ ስሟም የአርመን ሳይሆን የሙስሊም ነው። አንድ የተቀደደ የጣሊያንኛ ወረቀትም አለ። ጓዳው ውስጥ እንደ ወራጅ የገባ ሐዲድ አለ፤ ጎኑ ላይ 1899 ይላል። አያቴ መጋላም ሌላ ቤት ነበረው፣ በደርግ ጊዜ ተወርሷል። ማን ሠራው? አርመኑስ ለዚያች ሴት እንዴት ሸጠላት? እናቴ «አንቺ ደግሞ የሞተ ሰው ቤት ምን ያስቆፍርሻል» ትለኛለች። አቦ፣ ቢቸግረኝ ነው የጻፍኩልዎት። የወረቀቶቹን ፎቶ ልኬያለሁ።

የማሽኒስቱ የልጅ ልጅ፣ ከከዚራ

መልስ፦ አርመኑ ለሷ አልሸጠላትም። እንዲያውም ኪራይ ይከፍል የነበረው እሱ ነው።

ከጣሊያንኛው ወረቀት ልጀምርልሽ። አንቺ እንደ ተራ ብጣሽ ቆጥረሽ መጨረሻ ላይ ነው የላክሽው። ወረቀቱ የኪራይ ደረሰኝ ነው። ገንዘቡ በሊሬ ተጽፏል። ከፋዩ ስሙ በ«ያን» የሚያልቅ ሰው ነው፤ እንግዲህ አርመንሽ ይሄ ነው። ተቀባዩ ደግሞ በአረብኛ ፈርሟል፤ ከፊርማው በላይ ስሙ በላቲን ፊደል አለ። አሁን የ1956ቱን ውል አጠገቡ አስቀምጪና የሻጯን የአባት ስም አንብቢ። ያው ነው። የአያቷም ስም ይገጥማል። አከራዩ የሻጯ አባት ነው ማለት ነው።

ዓመቱንም አላጣነውም። ቀኑ ያለበት ጫፍ ተቀዷል፣ ግን በሮማ ቁጥር የተጻፈ 16 ተርፏል። ጣሊያኖች በፋሺስት ጊዜ ከተለመደው ዓመት አጠገብ የራሳቸውን ዘመን ይቆጥሩ ነበር። መቁጠር የጀመሩት ሙሶሊኒ ሮማ ላይ ሥልጣን ከያዘበት ከጥቅምት 1915 ነው። 16ኛው ዓመት በእኛ ከጥቅምት 1930 እስከ ጥቅምት 1931 ያለው ነው። ስለዚህ በዚያ ዓመት ቤቱ የሻጯ አባት ነበር፣ አርመኑም ተከራይ።

ታዲያ ሰፈሩ ለምን የአርመኑ አለው? ሰፈር ቤትን የሚጠራው በሚታየው ሰው ነው። በረንዳ ላይ ቁጭ የሚል፣ ሱቅ የከፈተ፣ ልጆች የሚፈሩት ውሻ ያለው ሰው ስሙን ትቶ ይሄዳል። ባለቤቱ መጋላ ተቀምጦ በወር አንዴ ኪራይ ሊቀበል ብቅ የሚል ከሆነ ማን ያስታውሰዋል? መዝገብ ቤት በሠራሁባቸው ዓመታት «የግሪኩ ቤት»፣ «የሙሴ ቤት»፣ «የባንያኑ ቤት» እየተባለ ፋይል ሲፈለግ ብዙ አይቻለሁ። ፋይሉ ሲገኝ የተከራዩ ስም ሽፋኑ ላይ የለም። ለዚህ ነው ሽማግሌ ስትጠይቂ «ቤቱ የማን ነበር?» አትበዪ የምለው። «ኪራይ ለማን ነበር የሚከፈለው?» በዪ። «ጣሪያው ሲያፈስ ማን ነበር የሚያሠራው?» በዪ። ጣሪያ የሚያሠራ ባለቤት ነው።

የአጎትሽን 150 ዓመት እንተወው። ከጅቡቲ የተነሳው የምድር ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ነው። ከዚራ ከባቡሩ ጋር የመጣ ሰፈር ነው። መንገዱ በቀጥታ የተሰመረው፣ ዛፉ በመስመር የተተከለው የኩባንያው መሐንዲሶች በፕላን ስላወጡት ነው። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው መጋላ በሌላ መንገድ ያደገ ነው። የከዚራ ቤት ሁሉ ከ1895 ወዲህ ነው።

ሐዲዱ አታላይ ነገር ነው። ጎኑ ላይ ጎልቶ የሚነበበው ፋብሪካው የሠራበት ዓመት ነው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር። 1899 በእኛ 1891 ወይም 1892 ይሆናል። ያ ማለት ግን ጓዳው ያኔ ተሠራ ማለት አይደለም። ሐዲዱ መጀመሪያ መስመር ላይ አገልግሏል፤ ሲያረጅ ተነቅሎ ነው ለወራጅነት የተሸጠው ወይም የተሰጠው። አዲስ ሐዲድ ቆርጦ ጓዳ የሚሠራበት ማን አለ? እንዲያውም አያትሽ ማሽኒስት ከነበሩ፣ ያን ሐዲድ ያመጡት ራሳቸው ቢሆኑ አይገርመኝም። ጓዳው ከዋናው ቤት ጋር አንድ ጊዜ መሠራቱን ለማየት ግድግዳዎቹ የሚገናኙበትን ጥግ ተመልከቺ። ድንጋዮቹ እርስ በርስ ተቆላልፈው ከሆነ አብረው ተሠርተዋል። ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ስንጥቅ ካለ ጓዳው በኋላ የተለጠፈ ነው።

አሁን ወደ ውሉ። በጣም ደስ ያለኝ እሱ ነው። አንቺ ሻጭና ገዢን አንብበሽ ዋጋውን አይተሽ አቁመሻል፤ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው። አዋሳኙን አንብቢ። «በምሥራቅ» ብሎ የአንድ ሰው ስም ይጠራል፣ «በምዕራብና በደቡብ መንገድ»፣ «በሰሜን የኩባንያው ይዞታ» ይላል። ይህ ለአንቺ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቤቱ ዛሬ ካርታው ላይ ያለው ያው ቦታ መሆን አለመሆኑን ታረጋግጪበታለሽ። ሁለተኛው ይበልጣል። አንቺ ውል ላይ ጎረቤት በአዋሳኝነት እንደተጠራ ሁሉ፣ ጎረቤትሽ ውል ላይም የአንቺ ቤት ባለቤት ተጠርቷል። የምሥራቁ ቤት በ1940ዎቹ ወይም ከዚያ በፊት ተሽጦ ከሆነ፣ ውሉ «በምዕራብ የእገሌ ቤት» ይላል። ያ እገሌ የአንቺ ቤት የያኔው ባለቤት ነው። የራስሽ ወረቀት ያለቀበት ቦታ የጎረቤት ወረቀት ይቀጥልልሻል። ስለዚህ ቡና አፍልተሽ ጎረቤት ጥሪ። ወረቀታቸውን ሲያወጡ ግን ፎቶ ለማንሳት አትቸኩዪ፤ መጀመሪያ አብራችሁ አንብቡት። የቤት ወረቀት ለሰው ማሳየት ለሁሉም ቀላል አይደለም።

እዚያው ውል ላይ ሻጯ «ከአባቴ በውርስ ያገኘሁት» ትላለች። እንግዲህ የውርስ ፋይል መኖር አለበት። ቤተሰቡ ሙስሊም ስለሆነ መጀመሪያ የሚጠየቀው የሸሪዓ ፍርድ ቤት ነው። የቃዲ ፍርድ ቤቶች የጋብቻና የውርስ ጉዳይ እንዲያዩ በሕግ የተደነገገው በ1930ዎቹ ነው፤ ልማዱ ግን ከዚያ ይቀድማል። የውርስ ፋይል ጥሩነቱ የሟቹን ንብረት መዘርዘሩ ነው። አባትየው የሞተበት ጊዜ፣ ስንት ልጅ እንደነበረው፣ ሌሎቹ ወራሾች ድርሻቸውን ለእህታቸው እንዴት እንደለቀቁ ሁሉ እዚያ ሊገኝ ይችላል። ፍለጋ የምትሄጂው በሻጯ ስም ሳይሆን በአባቷ ስም ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ፋይል የሚከፈተው በሟች ስም ነው።

አባትየው ከማን አገኘው የሚለው ገና ነው። የሰሜኑ አዋሳኝ «ኩባንያው» መሆኑ ወደ ምድር ባቡር ይጠቁመናል፤ ቦታው መጀመሪያ ከኩባንያው ይዞታ ተቆርሶ የወጣ ይመስለኛል። ከሆነ ወረቀቱ በፈረንሳይኛ ነው የሚሆነው፣ ዓመቱም በአውሮፓ አቆጣጠር። ሌላ በር ደግሞ አለ። ያኔ ድሬዳዋ ከነበሩ ነጋዴዎች ብዙዎቹ የኤደን ሰዎችና ሕንዶች ነበሩ፣ የእንግሊዝ ተገዢዎች ማለት ነው። በ1900 ከፈረንሳይ ጋር በተፈረመው የክሎቡኮውስኪ ውል የተነሳ የውጭ ተገዢዎች ክርክር በቆንስላቸው ፊት ይታይ ነበር፣ እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ። አባትየው የኤደን ሰው ከሆነ፣ ስሙ እዚህ መዝገብ ውስጥ ባይገኝም ለንደን ባለው የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የሐረር ቆንስላ ወረቀቶች መካከል ሊኖር ይችላል። የፈረንሳይ ተገዢ ከሆነ ደግሞ የፈረንሳይ ኤምባሲዎችና ቆንስላዎች አሮጌ ወረቀት የሚቀመጠው ናንት ከተማ ነው። ይሄ ሩቅ መንገድ ነው። ከጎረቤት በፊት አትሞክሪው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ቀላል ነው። የውሉ ግርጌ ላይ ማኅተምና ቁጥር አለ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል፤ ቁጥሩ ከዚያ የመጣ ነው። በዚህ ቁጥርና በካርታሽ ቁጥር መሬት አስተዳደር ሄደሽ ማህደሩን ጠይቂ። የድሮውንም የአሁኑንም ቀበሌ ጻፊላቸው፤ ቀበሌዎች ሲዋሃዱ ቁጥር ስለተቀየረ ብዙ ፋይል በድሮው ቁጥር ነው የተቀመጠው። ካርታው በወራሾች ስም ከሆነ የሁሉንም ውክልና ያዢ። ማመልከቻው ላይ «የቤቴን ታሪክ ላጠና» ብለሽ እንዳትጽፊ! «የይዞታ ማህደሬ ቅጂ ይሰጠኝ» ብቻ በዪ። ታሪክ ስትዪ ሰው ይደነግጣል፤ ካሳ ልትጠይቂ ወይም ልትከሺ የመጣሽ ይመስለዋል።

የመጋላው የተወረሰ ቤት ለዚህ ምን ይጠቅማል ትዪ ይሆናል። ይጠቅማል። አዋጅ ቁጥር 47 ሐምሌ 19 ቀን 1967 ሲወጣ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደረገ። ባለቤቱ የሚያስቀረውን መርጦ ሌላውን አስረከበ። አያትሽ ከዚራን አስቀርተው መጋላን ሰጥተዋል። ስለዚህ በመጋላው ቤት ማህደር ውስጥ የከዚራውም ቤት ሊጠቀስ ይችላል፣ ከነማስረጃው። የራስሽ ቤት ፋይል ጠፍቷል ቢሉሽ እዚያ ሂጂ። በ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ ወረቀቱ የሄደበት ሰው ብዙ ነው፤ አንዳንዱ ቅጂውን ያገኘው እንዲህ በዞረ መንገድ ነው።

ሌሎችም አሮጌ ወረቀት ይዛችሁ ቀን ያጣችሁ አንባቢዎች ስላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ዋጋው በምን ገንዘብ እንደተጻፈ እዩ። ሊሬ ካለ የጣሊያን ጊዜ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ካለ እንግሊዞች ከገቡ ከ1933 በኋላ ነው፤ በ1937 የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ ሽልንጉ ቀርቷል። በማሪያ ትሬዛ ብር የተጻፈ ከሆነ ግን አትቸኩሉ፤ ማሪያ ትሬዛ ከሁሉም በፊት ነበረች፣ ከሁሉም ጋር ኖራለች። እሷ ብቻዋን ዘመን አትነግራችሁም።

አንድ ሌላ አንባቢ ደግሞ የቤታቸው አሮጌ ውል በግሪክ ነጋዴ ፈንታ በኢትዮጵያዊት ሚስቱ ስም መሆኑ ገርሟቸው ጽፈው ነበር። አይግረምዎት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 390 የውጭ አገር ሰው ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ይከለክል ነበር። በሚስት ስም፣ በልጅ ስም ማድረግ የተለመደ ነበር።

ልጄ፣ እስካሁን ያለሽ ሰንሰለት ይሄ ነው፦ አባትየው ቢያንስ ከ1930 ጀምሮ፣ ከዚያ ልጅየው በውርስ፣ በ1956 አያትሽ፣ አሁን እናንተ። አርመኑ ከመሀል ይወጣል። ሰፈሩን ግን ለማረም አትሞክሪ፣ አይሰሙሽም።

ጥያቄ፦ ሐረር ጀጎል ውስጥ ከመንገድ በኩል ፎቅና የእንጨት ሰገነት ያለው ቤት አለን። አባቴ ከአንድ የሕንድ ነጋዴ ወራሾች ነው የገዙት። አስጎብኚዎች በራችን ላይ ቆመው ለፈረንጆች «ሬምቦ እዚህም ኖሯል» ሲሉ እሰማለሁ። እውነት ነው? ቤቱን ልናድሰው ስለሆነ ማወቅ ፈልጌ ነው።

ጡረተኛ፣ ከጀጎል

መልስ፦ ጋሼ፣ አይመስለኝም። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርቱር ሬምቦ ሐረር የመጣው በ1873 ነው፤ በ1884 ማርሴይ ላይ ሞቷል። ከመንገድ በኩል ሰገነትና መስኮት ያለው የፎቅ ቤት በሐረር የሕንድ ነጋዴዎች ያመጡት አሠራር ነው፤ በብዛት የተሠራውም ከእሱ በኋላ ነው። በስሙ የሚጠራው ሙዚየም እንኳ አንድ የሕንድ ነጋዴ እሱ ከሞተ በኋላ ያሠራው ቤት ነው። የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለው፣ ዛሬ የሸሪፍ ሙዚየም ያለበትም የሕንድ ነጋዴ ሥራ ነው። ሐረር ላይ ሕንዱ ይሠራል፣ ስሙን ሌላ ሰው ይወስዳል።

የእርስዎ ቤት ግን ከሬምቦ የተሻለ ነገር ሳይኖረው አይቀርም። ሕንዱ ባዶ ቦታ ላይ ሠራው ወይስ የሐረሪ ቤት ገዝቶ አሰፋው? ይህን ከውስጥ ያዩታል። ምድር ቤቱ ውስጥ ደረጃ ደረጃ ያለው ነደባ፣ ማለትም የሐረሪ መቀመጫ መደብ ካለ፣ ግድግዳው ላይም ዕቃ መደርደሪያ ታቄቶች ከተቆፈሩ፣ ፎቁ የተጫነው በድሮው ቤት ላይ ነው። ነደባው ፈርሶ ከሆነ ወለሉ ላይ የከፍታ ልዩነት፣ ግድግዳው ላይ የቀይ አፈር ቅብ ርዝራዥ ይፈልጉ። ከሲሚንቶ ወይም ከዘይት ቀለም ሥር ቀዩ ብዙ ጊዜ አለ፤ በር ጀርባ ያለውን ጥግ በቀስታ ፋቅ ያድርጉት።

የሕንዱ ወራሾች ለአባትዎ በሸጡበት ውል ላይ ሕንዱ ከማን እንደገዛ ተጽፎ እንደሆነ ይመልከቱ። የቀድሞ ሻጭ የጀጎል ሰው ከሆነ የአረብኛ ወረቀት ሊኖር ይችላል፣ ቀኑም በሂጅራ ይሆናል። ሐረር የቤትና የመሬት ሽያጭን በአረብኛ መመዝገብ የለመደች ከተማ ናት፣ ምኒልክ በ1879 ከመያዛቸውም በፊት። በቤትዎ ቁርአን ወይም ኪታብ ካለ በመጽሐፉ መሀል የተቀመጠ የታጠፈ ወረቀት እንዳለ ይፈትሹ። ወረቀት እዚያ ይደበቅ ነበር።

እድሳቱን በተመለከተ፣ ጀጎል ከ1998 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ነው። ቅርስ ጽሕፈት ቤቱን ሳያስፈቅዱ ግድግዳ አይንኩ። አናጢው «ሰገነቱን በብረት ልቀይረው» ቢልዎት እምቢ ይበሉት።

ጥያቄ፦ መጋላ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው የተወለድኩት። ቤቱ ከመወረሱ በፊት የማን እንደነበር ብፈልግ ቀበሌው ያስወጣኛል? የድሮ ባለቤቶቹ ቢገኙስ ይወስዱታል?

ሥጋት የገባት፣ ከመጋላ

መልስ፦ ጠየቅሽ ተብሎ የሚያስወጣሽ የለም። የት እንደምትፈልጊ ልንገርሽ። በ1967 ሲወረስ የወር ኪራዩ ከ100 ብር በታች የነበረ ቤት ለቀበሌ ሄደ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ኪራይ ቤቶች ለሚባለው የመንግሥት ድርጅት። ያንቺ ቀበሌ ከደረሰው ነው፣ ስለዚህ የርክክብ ሰነዱ በቀበሌ ወይም በቤቶች በኩል ነው የሚፈለገው።

ሁለተኛው ጥያቄሽ የሕግ ነው፣ እንደ ጠበቃ አልመልስም። በ1987 የወጣው አዋጅ ቁጥር 110 የሚመለከተው ከአዋጅ ውጭ፣ ያለ አግባብ የተወሰዱ ንብረቶችን ነው። በአዋጅ 47 መሠረት በትርፍነት የተወረሰ ቤት ከዚህ ውስጥ አይገባም። የባለቤቱን ስም ማወቅሽ ይህን አይቀይረውም።

እናትሽ ዘንድ የድሮ የኪራይ ደረሰኝ ካለ አውጪው። የቀበሌው ደረሰኝ ከመጀመሩ በፊት የነበረው የባለቤቱ ስም ያለበት ነው። የጀርባውንም ፎቶ አንሺ፤ ኪራይ ሰብሳቢዎች የተዘለለ ወርና የማደሻ ወጪ ጀርባው ላይ ይጽፉ ነበር።